ነነዌ ከጥምቀት በፊት

የኔታ ይሻው ወደዚያ ሱቅ የገቡት ወደው አይደለም። በየዓመቱ የአጽዋማት ወረቀታቸውን የሚያስጽፉበት፣ መናኸሪያው በር ላይ ያለው ቤት መብራት ጠፍቶበት ተዘግቷል። ከገሳይ በማለዳ ተነሥተው፣ የጉና ንፋስ አጥንታቸው ድረስ ዘልቋቸው፣ በነቢያት ጾም እህል ሳይቀምሱ ደብረ ታቦር መጥተው ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ አይሆንላቸውም። አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «አባቴ፣ ዳገቱን ሲወጡ አንዲት ሙስሊም ልጅ የከፈተችው ቤት አለ፤ መብራት ቢጠፋም በባትሪ ይሠራሉ» አላቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ወጡ። በሩን ገፋ አድርገው «እንደምን ዋላችሁ» ሲሉ፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ ቀና ያለችው የገዛ ወንድማቸው ልጅ ውቢት ሆና ተገኘች።

ሁለቱም ደነገጡ። የኔታ ልጅቱ ደብረ ታቦር ከተማ እንደምትሠራ ያውቃሉ፤ ከማን ዘንድ እንደሆነ ግን ጠይቀው አያውቁም። በዚያ ሰሞን ሦስት ጊዜ ደውላላቸው ሦስቱንም ጊዜ «አልፈርምም» ብለው ስልኩን ዘግተውባታል። አሁን ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ ፊት ደግሞ እንደ ስልክ አይዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምርበት የአንድ ዓመት ትምህርት ከፍቶ ውቢትን ፈትኖ ተቀብሏታል። ደንቡ ግን ተማሪው መንገድ ላይ ትምህርቱን ጥሎ እንዳይሄድ አንድ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ዋስ ሆኖ ይፈርም ይላል። አባቷ ሞቷል፤ በአባቷ ወገን የቀሩት ሽማግሌ የኔታ ይሻው ብቻ ናቸው። የተሰጣትም ቀን የዚያኑ ዕለት፣ ታኅሣሥ ስምንት ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። ካለፈ ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ያን ጊዜ ምን እንደምታደርግ ለእናቷ ለእመቤት ቁርጡን ነግራታለች፤ ዳግመኛ ዐረብ አገር ትሄዳለች። እመቤት ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

የኔታ ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም የከለከሉ። ዕድሜ ልካቸውን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን መቁጠር፣ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አንዲት ቀን እንኳ ስተው የማያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ግን ስተዋል። ከዐሥር ዓመት በፊት ደላላ ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ የዐሥራ ሰባት ዓመቷን ውቢት «ሃያ ሁለት ሞልቷታል» ብለው የመሰከሩ፣ የፈረሙ እርሳቸው ናቸው። ዕድሜው ሐሰት መሆኑን ያውቃሉ፤ የምትሄድበትን ግን አያውቁም። የአገሩ ሰው ሁሉ ሲፈርም አዩ፤ ፈረሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ የተመለሰችው ልጅ ቀኝ ክንዷ በቅጡ የማይዘረጋ፣ ስሟ ሲጠራ የምትበረግግ ሆና መጣች። ምን አገኘሽ ብለው ለመጠየቅ ድፍረት አጡ። ያን ሰሞን ግን የማላውቀው ነገር ባለበት ወረቀት ላይ ዳግመኛ እጄን አላኖርም ብለው ለራሳቸው ቃል ገቡ፤ ቃላቸውን ለማንም አልተናገሩም። ይኸው ነው የብዙ ሽማግሌ ጥፋቱ፤ ጸጸቱን በሆዱ ይዞ ክልከላውን ብቻ ይናገራል።

ዙለይካ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ወንበር ጠርጋ አቀረበችላቸው። ከውቢት ጋር የተዋወቁት በሰው አገር ነው፤ በአንድ አውሮፕላን ተመልሰዋል። ሱቁ ሁለት ሰው የሚያኖር ሥራ የለውም፤ እርሷ ግን ይህን ለጓደኛዋ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም።

«አልቀመጥም» አሉ የኔታ። «ወረቀት ላስጽፍ ነው የመጣሁ። የጥርንና የየካቲትን አጽዋማት።»

«እጽፍልዎታለሁ፣ የኔታ» አለች ውቢት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የእኔ ወረቀት ደግሞ እስከ ዐሥራ አንድ ነው።»

«አውቀዋለሁ። ሦስት ጊዜ ነግረሽኛል።»

«እርስዎ ግን ለምን እንደሚከለክሉኝ አንድ ጊዜም አልነገሩኝም።»

የኔታ ሳይወዱ ዓይናቸው ወደ ክንዷ ሄደና ተመለሰ። «የማላውቀው ነገር ላይ አልፈርምም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ ፈርሜ አይቼዋለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ?»

ውቢት ሦስት ጊዜ ስልክ ሲዘጋባት የናቋት መስሏት አልቅሳለች። አሁን ነገሩ ንቀት እንዳልሆነ ገባት፤ ገብቷት ግን ለማዘን ጊዜ አልነበራትም።

«እንግዲያው ጠብዎ ከማያውቁት ነገር ጋር ነው እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም» አለች። «የማያውቁትን ባሳውቅዎስ?»

«ካሳወቅሽኝ ሌላ ነገር ነው። የማልረዳውን ግን ልርዳሽ ብዬ አልፈርምም። መኪናዬም ዐሥር ሰዓት ላይ ይነሣል።»

«ባትሪውም ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም» አለች ዙለይካ ከጥግ።

የኔታ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ፤ ተማሪ ሲጠይቁ እንዲህ ነው የሚቀመጡት።

«በይ ተናገሪ። ይህ ትምህርት የምን ትምህርት ነው?»

«ማሽንን የማዘዝ ትምህርት ነው። ኮምፒውተር ራሱን ችሎ አያስብም፤ የታዘዘውን ብቻ ይሠራል። ሰውን ‹በሬዎቹን አስገባ› ቢሉት በረቱን መክፈት እንዳለበት ያውቃል። ይህ ግን በረቱን ክፈት ካላሉት በሬዎቹን ከተዘጋው በር ጋር ሲያላትም ይውላል። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት እርምጃ ሳይዘሉ በመስመር በመስመር መጻፍ ያስፈልጋል። የሚጻፍበትም ቋንቋ አለ። እኔ የጀመርሁበት ፓይተን ይባላል፤ ለጀማሪ የሚቀል እርሱ ነው።»

«የማን ቋንቋ ነው? እንግሊዝኛ ነው?»

«ቃሎቹ የእንግሊዝኛ ናቸው። ግን ጥቂት ናቸው፤ ለመጀመር ዐሥር ቃል ይበቃል። ዐሥረኛ ክፍል ሳልደርስ ነው የወጣሁት፣ የኔታ፤ እንግሊዝኛዬን ያውቁታል። በስልኬ እያየሁ፣ በዚህ ኮምፒውተር እየሞከርሁ በስምንት ወር ነው እዚህ የደረስሁት።»

«በባዕድ ቋንቋ የተማሩት ትምህርት ልብ ውስጥ ይገባል?»

«እርስዎስ ባሕረ ሐሳብን በግእዝ አይደል የተማሩት? እናትዎ ግእዝ ይናገሩ ነበር?»

የኔታ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ነገሩ ቢነካቸውም ሐሰት የለበትም። «ቀጥይ» አሉ።

ውቢት ኮምፒውተሩን ወደ እርሳቸው አዞረችና አንድ መስመር ጻፈች። «ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ጻፍ ብዬ አዘዝሁት» አለች፤ ቁልፉን ስትጫን «የኔታ ይሻው፣ እንደምን ዋሉ» የሚል ከሥር ወጣ።

«ይህማ ገደል ማሚቶ ነው» አሉ የኔታ። «ያልሽውን መልሶ አለ።»

«አዎ፣ ሀሁው ነው። ሲቀጥል ቁጥር እናስይዘዋለን፤ አስልተህ ንገረኝ እንለዋለን።»

«ሒሳብ የሚያሰላ ማሽን ባለ ሱቁ ሁሉ እጅ አለ። ለዚህ ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር መቀመጥ ምን ያደርጋል? አንቺ ልጅ፣ ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው። ዕድሜሽን በጨዋታ አትፍጂው።»

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ይቆጣል። የዛሬ ልጅ ሽማግሌ ሲጠይቀው ጥያቄው ስድብ ይመስለዋል፤ ሽማግሌውም ቁጣውን ሲያይ ትምህርቱ ባዶ ነው ብሎ ይደመድማል። እንዲህ እየሆነ ነው በየቤቱ ነገር የሚበላሸው። ውቢት አልተቆጣችም፤ ፈራች እንጂ። አንድ የቀራት ነገር ነበር፤ ለእርሳቸው ለማሳየት ግን ወራት ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ነው።

«የጻፍሁት አንድ ፕሮግራም አለ» አለች። «የባሕረ ሐሳብ ነው። ለፈተና ያቀረብሁትም እርሱን ነው።»

የኔታ ቀና አሉ። «የምን አልሽ?»

«ዓመቱን ሲሰጡት ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ የዘመኑን ቁጥሮች ሁሉ ቆጥሮ ነነዌ የሚገባበትን ቀን ያወጣል። የዓምናውን ሞክሬው የካቲት ዐሥራ አንድ አለኝ፤ ልክ ነበር።»

«ባሕረ ሐሳብን ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ ሴት ልጅ አላስተማርሁም።»

«ተማሪዎችዎን ሲያስቆጥሩ እኔ ከአጥሩ ወዲያ ገብስ አሰጣ ነበር። ወፍ እየጠበቅሁ እሰማለሁ። ልጆቹ ሲሳሳቱ በልቤ እመልስ ነበር።»

የኔታ ይሻው ይህን አያውቁም ነበር። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው፣ ከአጥራቸው ወዲያ ተማሪ እንደ ነበራቸው በስድሳ ስምንት ዓመታቸው መስማት ቀላል አይደለም። ደስ አላቸው፤ ወዲያውም ደስ ማለታቸው አስፈራቸው፤ ልባቸው ከራራ ሳያውቁ ሊፈርሙ ነውና። «እስቲ ዓመቱን እኔ ልስጠው» አሉ ኮስተር ብለው። በአንድ ጣታቸው፣ አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለትን ጻፉ።

ወንበር ስድስት፣ አለ ማሽኑ። የኔታ የጣታቸውን አንጓ ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አበቅቴ ስድስት። ነቀነቁ። መጥቅዕ ሃያ አራት። አሁንም ነቀነቁ፤ ፊታቸውም ፈታ አለ። ውቢት ትንፋሿን ይዛ ፊታቸውን ነው የምታየው፤ ማሽኑን አላየችውም። የመጨረሻዋ መስመር ስትወጣ ያ ፊት በአንድ አፍታ ጨለመ።

«ጾመ ነነዌ፦ ጥር 2» ይላል።

የኔታ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ነነዌ ከጥምቀት በፊት?» አሉ። ጮኸው ቢናገሩ ይሻል ነበር፤ ድምፃቸው ለቅሶ ቤት እንደ ዋለ ሰው ዝቅ ብሏል። «ነነዌ ከጥር ዐሥራ ሰባት ወርዶ አያውቅም፤ አይወርድምም። ይህን አምኜ በቤተ ክርስቲያኑ በር ብለጥፈው ዐቢይ ጾም በጥር ዐሥራ ስድስት ሊገባ ነው። የአገር ሠርግ ሁሉ ሊፈርስ፣ ሰው በፍስኩ ሊጾም፣ በጾሙ ሊበላ ነው። በዚህ ነው አንቺን ዋስ ሆኜ የምሰጠው?»

«የኔታ፣ አንድ ነገር ጎድሎት ይሆናል እንጂ...»

«ላያዘልቅ ጸሎት ለቅሥፈት» አሉና ወረቀታቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ በሩ ዞሩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ዙለይካ ብድግ አለች፤ ልትለምናቸው ነበር። ውቢት ግን በዓይኗ ከለከለቻት። የተለመነ ሽማግሌ ቢፈርም እንኳ ሳያውቅ ነው የሚፈርመው፤ ያን ደግሞ እርሷም አትፈልገውም። የዐሥራ ሰባት ዓመቷን ወረቀት አልረሳችም።

«የኔታ» አለች ከተቀመጠችበት ሳትነሣ። «ተማሪዎ ቁጥር ሲስት ምን ያደርጋሉ? ያባርሩታል?»

እጃቸው በሩ ላይ ቆመ። ለቅጥፈት የማይመቹ ሰው ናቸው። «አላባርርም» አሉ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ። «ከየት ላይ እንደ ሳተ አስቆጥረዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔንም ያስቆጥሩኝ። ከዚያ በኋላ ይሂዱ።»

የኔታ ቆሙ። ውጭ የገሳይ መኪና ረዳት ሰው ሲጠራ ይሰማል። እርሳቸው ተመልሰው ያን ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ግን ገና እንደ ተቆጣ ነው።

«ከመጥቅዕ ጀምሪ።»

ውቢት መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። «መጥቅዕ ከዐሥራ አራት ከበለጠ፣ የመጥቅዕ በዓል በመስከረም፣ ነነዌ በጥር ይሁን።»

«ልክ ነው።»

«መስከረም ሃያ አራት የዋለው ቅዳሜ ነው። በቅዳሜ የሚጨመረው ስምንት።»

«ልክ ነው።»

«ሃያ አራትና ስምንት ሠላሳ ሁለት። ከሠላሳ ከበለጠ ሠላሳውን ግደፍ፤ ሁለት ቀረ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ። ጥር ሁለት።»

«አላለቀም» አሉ የኔታ፤ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «ሠላሳ ከገደፍሽ ወሩ ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው። ጥር አይባልም፤ የካቲት ይባላል። ይህን ሳልናገር ያለፍሁበት ዓመት የለም። ሃያ ተማሪ ሰምቶኛል።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«እንዴት አትሰሚ? ሁሉን ሰምተሽ ይህ እንዴት ያመልጥሻል?»

ውቢት ጥቂት አሰበች። «ሠላሳውን ሲገድፉ ረፋድ ይሆናል» አለች። «በዚያ ሰዓት እናቴ ውኃ ትልከኛለች። ስመለስ ተማሪዎቹ ተበትነው ነው የማገኛቸው።»

ይህን ያለችው ለወቀሳ አልነበረም፤ የተጠየቀችውን መለሰች እንጂ። የኔታ ግን ሙግት እንደ ተረታ ሰው አንገታቸውን ደፉ። ወንዶቹ ልጆች ጥላ ሥር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሲሰሙ፣ ከሁሉም ይበልጥ ትምህርቱን የምትቀበለው ልጅ እንስራ አዝላ ወንዝ ወርዳለች። የጎደለችው መስመር ከማሽኑ አልጎደለችም፤ ከእርሳቸው ቤት ነው የጎደለችው። አፈሩ። ማፈራቸውንም አልደበቁም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «በይ ጻፊው። ሠላሳ ከተገደፈ ወሩ የካቲት ይሁን።»

ውቢት ቸኩላ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ቀን በማውጣት ፈንታ ቀይ ጽሑፍ አወጣ።

«ምን አለ ደግሞ?»

«አጻጻፌን ስቻለሁ። ይህች መስመር ‹ከሠላሳ ከበለጠ› ከሚለው ሥር ገባ ብላ መጻፍ ነበረባት፤ የእርሱ ታዛዥ ናትና። ከዳር ጀመርኋት። የቱ ላይ እንደሆነ ይኸው ቁጥሩን ነግሮኛል።»

«ስሕተትሽን ከነቦታው ነገረሽ? ሳይቆጣሽ?»

«ሳይቆጣኝ። መቶ ጊዜ ብስትም አይሰለቸውም። ለጀማሪ ደግ የሚሆነው ለዚህ ነው።»

«እኔ ግን እቆጣለሁ» አሉ የኔታ፤ በከንፈራቸው ጥግ ፈገግታ ብቅ ብሎ ጠፋ። ወዲያው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቆይ። ይህን ትንሽ ስሕተት እንዲህ ከነገረሽ፣ ነነዌን ከጥምቀት ሲያስቀድም ለምን ዝም አለ?»

ውቢት ከወንበሯ ቀና አለች። እርሷ ራሷ ይህን ለመጠየቅ ወራት ፈጅቶባት ነበር። «እንዴት እንደ ተጻፈ ያውቃል እንጂ የተጻፈው እውነት መሆኑን አያውቅም» አለች። «ጥምቀት መቼ እንደሆነ፣ ነነዌ ከስንት እንደማይወርድ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ማሽኑ ፈጣን ነው፤ ዐዋቂ ግን አይደለም። ዐዋቂ ከሌለበት ስሕተቱን በፍጥነት ያበዛዋል፤ ለዚህ ነው ትምህርት የሚያስፈልገኝ።»

መስመሯን ገባ አድርጋ እንደገና አስነሣችው። «ጾመ ነነዌ፦ የካቲት 2» ወጣ። የኔታ ከጋቢያቸው ውስጥ ወረቀታቸውን አውጥተው በማሽኑ አጠገብ ዘረጉት። በእጃቸው ጽሕፈት፣ በቀይ ቀለም፣ የካቲት ሁለት ይላል።

አላመኑም። «የሰባ ሰባትን ስጪው» አሉ፤ በዚያ የድርቅ ዓመት የተቀበሩትን ሰዎች እንደሚያስታውሱ የጾሙንም ቀን ያስታውሳሉ። ጥር ሃያ ሰባት አለ። «ልክ ነው። ገና ያልመጣውንስ? የሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባትን።» እርሳቸው ጣታቸውን ቆጥረው ሳይጨርሱ የካቲት ሦስት ወጣ፤ ቆጥረው ሲጨርሱ የእርሳቸውም የካቲት ሦስት ሆነ። በዚህ መካከል ረዳቱ መጣራቱን ትቶ፣ የገሳይ መኪና ተነሥቶ ሄደ። የኔታ ሰምተዋል፤ አልተነሡም።

«አንድ የምፈራው ነገር ቀረ» አሉ። «ተማሪዎቼ ይህን ካዩ በጣታቸው መቁጠር ይተዋሉ። ትምህርቱ ይሞታል።»

«ዛሬ በጣት የሚቆጥር ሰው ባይኖር ኖሮ እኔ ጥር ሁለትን ይዤ እቀር ነበር» አለች ውቢት። «ቁጥሩን የማያውቅ ስሕተቱን አያገኝም። የኔታ፣ ይህ የእርስዎን ትምህርት አይሽርም። እርስዎ ያሉትን ሳይዘነጋ ይዞ ይኖራል እንጂ።»

«ዓመቱን ጨርሰሽስ? ምን ልትሆኚ ነው?»

«በየጤና ጣቢያው በሽተኛ ካርዱ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ ያን በአንድ አፍታ የሚያወጣ መጻፍ ይቻላል። ገበሬው ዘሩን መቼ ዘርቶ ስንት እንዳገኘ ከዓመት ዓመት የሚያስተያይ መጻፍ ይቻላል። ሥራው ሞልቷል። እኔም ከእናቴ ሳልርቅ፣ የሰው ደጅ ሳልጠና እኖራለሁ።»

ዐሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ዙለይካ የባትሪውን ምልክት ቀና ብላ አየች።

የኔታ ወረቀቱን አምጪ ይላሉ ብላ ውቢት ስትጠብቅ፣ እርሳቸው ሌላ ነገር ተናገሩ። አምስት ዓመት በጉሮሯቸው የኖረ ነበር።

«ክንድሽን ምን አግኝቶሽ ነው?»

ውቢት እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሣች። «ከደረጃ ገፍታ ጥላኝ ነው፣ አሠሪዬ» አለች። «ሐኪም ቤት ሳልወሰድ በራሱ ተጋጠመ።»

«የላክሁሽ እኔ ነኝ።»

«ፈርመዋል፣ የኔታ። አልዋሽዎትም፤ ብዙ ጊዜ አዝኜብዎታለሁ።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ዛሬ ግን ሳያውቁ ቢፈርሙልኝ የበለጠ አዝን ነበር።»

የኔታ ይሻው አለቀሱ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳይስቡ፣ በሁለት ወጣት ሴቶች ፊት አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው «ወረቀቱን አምጪው» አሉ።

አመጣችላቸው። ወዲያው ይፈርማሉ ብላ ብዕሩን ብትዘረጋ አልተቀበሏትም። መነጽራቸውን አውጥተው ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሦስት ገጽ ነው። የማደሪያውን ደንብ አነበቡ። የዕረፍቱን ቀን አነበቡ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አልገባቸውም፤ «ይህ ምን ማለት ነው? ብትታመሚ ያሰናብቱሻል ማለት ነው?» ብለው ቆሙ። ዐሥር ሰዓት ከዐርባ ነው። ዙለይካ ጥፍሯን እየነከሰች በሩ ላይ ትመላለሳለች። ውቢት ግን ሳትቸኩል፣ ብትታመም የሐኪም ወረቀት አምጥታ እንደምትመለስ ከታች የተጻፈውን አሳየቻቸው። እርሱንም አነበቡ። ዕድሜዋ በተጻፈበት መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አኖሩና በልባቸው ቆጠሩ። ሃያ ሰባት ይላል። ልክ ነበር።

ፈረሙ። ዐሥር ሰዓት ከዐምሳ ሁለት።

ዙለይካ በስልኳ ሦስቱንም ገጽ አንሥታ ለማሠልጠኛው መላክ ጀመረች። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሁለቱ ገጾች ሄደው ሦስተኛው እምቢ አለ። ስልኩን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች፤ ዳገቱ ላይ ወጥታ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቆመች። የኔታና ውቢት በሩ ላይ ሆነው ያይዋታል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ዙለይካ እጇን አወረደችና ወደ እነርሱ ዞረች። «ደርሷል ብለዋል» አለች። ውቢት በደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

የኔታ ያን ዕለት ደብረ ታቦር አደሩ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ገሳይ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ በደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ ሳለ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አያ ወርቁ ነገሩን አነሡት።

«የኔታ፣ ልጅቱን ለማሽን ዳሯት ይባላል። ባሕረ ሐሳብንም ለማሽን አስረከቡ ይባላል። እውነት ነው?»

«ማሽኑን አስተማርሁት እንጂ አላስረከብሁትም» አሉ የኔታ። «ስቶ ነበር፤ አርሜዋለሁ። አያ ወርቁ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነበርሁ። ቁጭ ብዬ ብጠይቅ ግን ነገሩ ባዕድ አይደለም። ሥርዐት ነው። ‹ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያን አድርግ› ነው፤ እኛ ስንለው የኖርነው ነው። ለመጀመር ትዕግሥትና ዐሥር ቃል ይበቃል። የሚማረው ሰው ነገሩን ከሥሩ ማሰብ ይለምዳል፤ ስሕተቱን ሳያፍር ማረም ይለምዳል፤ አገሩ ተቀምጦ ለአገሩ ይሠራል። የእኛ የሽማግሌዎቹ ዕውቀት ደግሞ ከእኛ ጋር አፈር አይገባም። ልጅ ሲያስተምራችሁ አትፈሩ፤ ከመጠየቅ የሚቀር ደጃዝማችነት ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ፊርማን ግን ፍሩ። በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት እኔ ይሻው የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሃያ ሁለት ናት ብዬ ፈርሜ በሰው አገር ክንዷን አሰብሬያታለሁ። ስንቶቻችን እንዲህ እንደ ፈረምን እናውቃለን። ከእንግዲህ የልጅን ዕድሜ የምታስመሰክሩ ወደ እኔ አትምጡ።»

ከሰዉ መካከል ሙላቴ የሚባል ገበሬ ቆሞ ነበር፤ ማሬ የምትባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለችው። ደላላው የሰጠውን የዕድሜ ምስክር ወረቀት በኮቱ ኪስ ይዞ፣ ቅዳሴ ሲወጣ የኔታን ሊያስፈርም ነው የመጣው። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደ ከተተ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሰላም ሳይል ወደ ቤቱ ሄደ። የተቆጣ መስሏቸው የኔታ አዘኑ።

በሳምንቱ ሙላቴ ልጁን አስከትሎ ደብረ ታቦር ዳገቱን ወጣ። ዙለይካ ምን ልታዘዝ ብትለው ጥቂት ተቸገረና፣ «ይህችን ልጅ ማሽን ማዘዝ ታስተምሩልኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አላት።

ዙለይካ ወንበሩን ጠርጋ ለማሬ ሰጠቻት።